የሬጅስትራሩ ደብዳቤና የቅዳሜው ፈተና

ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው የጉለሌ መንገድ ላይ፣ ውጭ አገር ሄዶ መማር የሚፈልግ ወጣት የሚያንኳኳቸው በሮች ተከታትለው ይገኛሉ። ከሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ዝቅ ሲሉ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ፤ ቪዛ ጠያቂዎች ፎልደራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተራ የሚጠብቁበት። ወረድ ሲሉ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የቀድሞው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ የዛሬው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ነው። ከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይመጣል። በዚህ ቁልቁለት የሚመላለሱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቲቸር፣ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃል ወይስ ልፈተን?»

ደብዳቤዋ አጭር ናት። እገሌ በዚህ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር ትላለች፤ ማኅተም ያርፍባታል፤ አለቀ። ፈተናው ደግሞ አይልትስ፣ ቶፍል ወይም ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚወሰደው ዱኦሊንጎ ነው። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤውን ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ ገጹንም አይገልጡትም። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በእንዲህ ዓይነት የፈተና አዳራሽም በፈታኝነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ክርክር ከቅርብ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ሊሰማ የሚገባው ቁም ነገር አለው።

ከአዳራሹ ልጀምር፣ ምክንያቱም የፈተናውን ነገር በወሬ የሚያውቁት ሰዎች ከተፈተኑት ይበዛሉ። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። ፈታኙ ከተፈታኞቹ ቀድሞ ይገባል፤ ወንበሮቹ ተራርቀው መደርደራቸውን፣ የግድግዳው ሰዓት ልክ መሆኑን፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ረድፍ መሰማቱን ያረጋግጣል። በሩ ሲከፈት ፓስፖርት ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አሻራ ይወሰዳል። ስልክ፣ የእጅ ሰዓት፣ ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ሃይላንድ እንኳ ወረቀቱ ተልጦ ነው የሚገባው። ከክፍለ ሀገር የመጡት ከዋዜማው ጀምረው ፔንሲዮን ያደሩ ናቸው፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ፊታቸው ይናገራል። ከመካከላቸው ጀማሪ ሐኪሞች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ያገኙ የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህራን አሉ፣ ካናዳ ያለ ባለቤታቸውን ለመከተል የሚጣጣሩ እናቶችም አሉ።

በር ላይ ትልቁ ጭንቀት የስም ነው። የኛ ሰው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ፀጋዬ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» ጀምሮ ዲግሪው ላይ በ«ኤስ» ይጀምራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በኢሜይል የተላከው ቀጠሮ «ስምንት ሰዓት» ሲል ለላኪው ማለዳ ነው፣ ለኛ ግን ከምሳ በኋላ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው አይገባም። እንዲህ ያለው ሰው ሲመለስ ማየት ያማል፤ የተመለሰው እንግሊዝኛ ስለማይችል አይደለምና።

የአይልትስን አሠራር ብንወስድ፣ መጀመሪያ ማዳመጥ ይመጣል፤ 30 ደቂቃ ያህል ነው፣ ቅጂው አንዴ ብቻ ይሰማል። ንባቡ 60 ደቂቃና 40 ጥያቄ ነው። ለጽሑፉም 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃላት። ንግግሩ ከአንድ መርማሪ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚካሄድ ሲሆን በድምፅ ይቀረጻል። ውጤቱ ከ0 እስከ 9 በግማሽ ነጥብ እየተከፈለ ይሰጣል።

በረድፎቹ መካከል ስመላለስ በየጊዜው የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ልጆቻችን ሰዋስው ያውቃሉ። የተጠየቀውን ግሥ በትክክለኛው ጊዜ ያስቀምጣሉ። ንባቡ ላይ ግን ሰዓት ይቀድማቸዋል፤ ሦስተኛው ምንባብ ላይ ሳይደርሱ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሰዓት መሄድ ይጀምራል። ከሁሉ የሚከብዳቸው ንግግሩ ነው። አንድ ካርድ ይሰጣቸዋል፣ አንድ ደቂቃ ያስባሉ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ሳይቋረጡ ይናገራሉ። ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ እንደተማረ የተመሰከረለት ሰው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ሁለት ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ተናገር ያለው መምህር ላይኖር ይችላል። ከንግግሩ ክፍል ሲወጡ የሚነግሩኝ ይኸንኑ ነው፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ግን አልመጣ አለኝ ይላሉ።

የደብዳቤው ወገን ክርክር ከታሪክ ይነሣል፣ ታሪኩም እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከወረራው በፊት ከአማርኛ ቀጥሎ ፈረንሳይኛ የሚሰማበት ቤት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ትምህርት ቤቱን የተረከቡት ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ሲሆኑ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሆነው ሳለ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። መሪያቸው ሉሲየን ማት ነበሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደ ተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲጠቃለል ቋንቋው አልተለወጠም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ሰጥቶ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ ተወው። ንጉሡ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ በብዙ ነገር ተለያይተዋል፤ በዚህ አልተለያዩም። ከሰባ ዓመት በላይ ከፍተኛ ትምህርትን በአንድ ቋንቋ የሰጠ አገር ምሩቁ ከዜሮ ጀምሮ ራሱን እንዲያስመሰክር ሲጠየቅ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ቅሬታው የኛ ብቻም አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት አብዛኛው ሕዝባቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው ብሎ ለቪዛ የቋንቋ ፈተና ከማይጠይቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። መንግሥታቸው፣ ፍርድ ቤታቸውና ጋዜጣቸው በእንግሊዝኛ የሚሠራው ናይጄሪያና ጋና እንኳ የሉበትም። ጃማይካና ማልታ ግን አሉበት።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር ይመጣል፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የእነዚህ ፈተናዎች ዋጋ የሚሰላው በውጭ ምንዛሪ ነው። አይልትስና ቶፍል የሚጠይቁትን ክፍያ በዲግሪ የተመረቀ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ አይሸፍነውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ፈተናው አልከበደም፣ ጥያቄው አልተጨመረም፤ ለኢትዮጵያዊው ተፈታኝ ግን ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚህ ላይ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ተቀባይ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቀጣሪ ሆስፒታል እስኪገኝ፣ ማስረጃ እስኪረጋገጥ፣ የቪዛ ቀጠሮ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ማለት ምንም አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ውጤት ይዘው እንደገና ለመመዝገብ ከዘመድ የሚበደሩ ነርሶች አውቃለሁ።

የፈተናው ወገን መልስ አለው፤ ቋንቋ ካልተሠራበት ይዝጋል ይላል። ውጭ ኖሮ ተመልሶ ዓመታት ሳይናገር የቆየ ሰው ይኼን ያውቀዋል። ግን በጳውሎስ ሆስፒታል በየቀኑ የሕሙማንን ካርድ በእንግሊዝኛ የሚሞላ ሐኪም በሃያ አምስተኛው ወር ላይ እንግሊዝኛው ጠፋ የሚል ካለ፣ ያ ስለ ቋንቋ የተሰጠ ፍርድ አይመስለኝም። ልኩ ራሱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ለረጅም ጊዜ በአራቱም ክፍል 7 ነጥብ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የጽሑፉን ወደ 6.5 ዝቅ አደረገ። በግማሽ ነጥብ ወድቀው የቀሩ ነርሶች ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ብቁ ሆኑ። ሰው ያወጣውን ልክ ሰው ሊያሻሽለው እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ ሚዛኑን ወደ ማዶ ላዘንብለው። ደብዳቤውን የማይቀበል የውጭ ዩኒቨርሲቲ ንቆን ነው የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ እንዲያ አይመስለኝም። ደብዳቤዋ የምትመሰክረው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ተቋሙ ደንብ ነው። ደንቡ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ግን ያስተማረም የተማረም ያውቃል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው አማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ ነው፣ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ። መምህሩን አልወቅስም፤ ተማሪው ፊዚክሱን እንዲረዳ ብሎ ነው የሚያደርገው፣ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የተሰቀለው ፕላዝማ ይኼን ለማስተካከል ሞክሮ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በጥሩ እንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው አልገባኝም ሲል ግን የማይቆም፣ ወደ ኋላ የማይመለስ መምህር ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ በፈተናው አዳራሽም አገኛቸዋለሁ። ማዳመጡ ላይ ከእነሱ ብዙ ጠብቄ ነበር፤ ለብዙዎቹ ግን የተረፈው የፕላዝማው ፍጥነት ትዝታ ነው።

ኩረጃንም መሸሸግ አንችልም። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የተጀመረው የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰረዘው የእንግሊዝኛው ወረቀት ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተለቀቀ ነው። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስደው፣ ስልክ ተከልክሎ በጥብቅ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ቁጥር ያየ የውጭ ተቀባይ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሰጠውን ወረቀት ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ ምን እንለዋለን? በበሩ ላይ አሻራ የሚወስደው ጥብቅ ፈተና ሌላ መልካም ነገርም አለው። መርማሪው ተፈታኙ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። ቀጨኔ ከሸክላ ሠሪ ቤት የወጣችው ልጅና ውድ የግል ትምህርት ቤት ያደገው ልጅ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ጥያቄ ይሠራሉ። በዘመድና በደጅ ጥናት ነገር በሚፈጸምበት አገር ይኼ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ስጦታው ግን ሙሉ አይደለም። የግል ትምህርት ቤቱ ልጅ ወደዚያ ወንበር ሲመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልምምድ ይዞ ነው፤ ወላጆቹ ለማጠናከሪያ ኮርስ ከፍለውለታል፤ ከወደቀም ደግሞ ይፈተናል። የቀጨኔዋ ልጅ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላት፣ እሱንም ቤተሰቡ አዋጥቶ። እኩል ፈተና እኩል ያልሆነ ኑሮን አያስተካክልም፤ አንዳንዴም በቁጥር አትሞ ያጸድቀዋል።

ዱኦሊንጎ ይኼን ያቃልላል ተብሎ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ማዕከላት ሲዘጉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሉት፤ ዋጋውም ለዓመታት 49 ዶላር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም ከሌሎቹ ይረክሳል። ግን በዓለም አቀፍ ካርድ ይከፈላል፤ ካርድ የሌለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም ደላላ ይፈልጋል። መብራት እንዳይጠፋ፣ ኢንተርኔት እንዳይቆራረጥ መጸለይ አለ። ተፈታኙ ለብቻው ክፍል ውስጥ እንዲሆንና የሌላ ሰው ድምፅ እንዳይሰማ ይጠየቃል። ሽሮ ሜዳ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር የሚኖር ልጅ ያን ጸጥታ ከየት ያመጣዋል?

ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ የሚያስደነግጥ ታሪክ ከብሪታንያ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ቢቢሲ በፓኖራማ ፕሮግራሙ፣ ለቪዛ በሚሰጥ ቶይክ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ሌላ ሰው ተተክቶ እንደሚፈተንና መልስ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ በድብቅ ካሜራ አሳየ። ፈታኞቹ ራሳቸው የማጭበርበሩ ተካፋይ ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ለጥብቅነት ከዚህ የተሻለ ክርክር የለም። ቀጥሎ የሆነው ግን ለተቃራኒው ወገን ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት በብሪታንያ ለሦስት ዓመት ያህል ከተሰጡት ከ58,000 በላይ ፈተናዎች ውስጥ 97 በመቶው አጠራጣሪ ነው አለ፤ መንግሥትም በዚያ ተመርኩዞ የሺዎችን ቪዛ ሰረዘ። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥት ንጹሐን ሳይጎዱ እንዳልቀሩ ለማጣራት በቂ ጥረት አላደረገም አለ። ባልሠሩት ጥፋት ትምህርታቸው ተቋርጦ ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ተማሪዎች አሉ። ፈተና የሚታመነው የሚሰጡት ሰዎች ሲታመኑ ነው፤ አንዴ ሲጠረጠርም በደሉ ተለይቶ በአጭበርባሪው ላይ አያርፍም።

እኔ የቆምኩበትን ላስቀምጥ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ጥብቅነት አይላላ። ሃይላንዱ ይላጥ፣ ሰዓቱ ይውለቅ፣ አሻራው ይወሰድ፤ ይኼ ሁሉ በእውነት የተዘጋጀችውን ልጅ የሚጠብቅ ነው። በደሉ ያለው ከአዳራሹ ውጭ ነው፦ በዶላር በተሰላው ክፍያ፣ በሁለት ዓመቱ ገደብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ወደዚያ ወንበር እስኪደርስ ድረስ ባለፈው ትምህርት። ደብዳቤውንም አሁን ባለው መልኩ ልሟገትለት አልችልም። ስለ ሰውየው ምንም የማይናገር ወረቀት ሰውየውን አይረዳውም። ለሚጠይቁኝም የምለው ይኼንኑ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን ከተቀበለ ገንዘብህን አታባክን፤ ካልተቀበለ ግን እልህ አትጋባ፣ ሦስት ወር በየቀኑ እያነበብክና ድምፅህን እያሰማህ ተዘጋጅ።

ታዲያ ደብዳቤዋ የግድ እንዲህ ባዶ መሆን አለባት? ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ኤይከን የሚባል የራሳቸውን የእንግሊዝኛ ፈተና ጀመሩ። መጀመሪያ ያገለገለው እዚያው አገር ውስጥ ነበር፤ በጊዜ ብዛት በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያሉ አንዳንድ ተቋማት ተቀበሉት። እኛም ጋ መሣሪያው ከሞላ ጎደል ተዘርግቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይወስዳሉ፤ ማዕከሉ አለ፣ ፈታኙ አለ፣ የቁጥጥሩ ልምድም እየዳበረ ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ከዚያ ፈተና ጎን በብር የሚከፈል ወይም ነፃ የሆነ፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን የሚለካ የእንግሊዝኛ ክፍል ለምን አይኖርም? የ12ኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ወረቀት ምርጫ ብቻ ነው፤ ፊደል ማጥቆር ንግግርን አይለካም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡት ሁለት ተቃውሞዎች ጠንካራ ናቸው። አንደኛው ራሳችን ያወጣነውን ነጥብ ማን ያምነዋል የሚል ነው። መልሱ ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ራሳችን ካላመንነው ግን ሌላው አያምነውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቢጠቀምበት የመጀመሪያው ምስክር ይሆናል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥራ ባልደረቦቼ የሰማሁት ነው፤ ነጥቡ ደብዳቤው ላይ ቢጻፍ ብዙው ዝቅተኛ ይሆናል፣ ዛሬ ባዶውን ደብዳቤ ይዞ የሚያልፈው ልጅም ይጎዳል ይላሉ። ይኼ እውነት ነው፣ አቅልዬም አላየውም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጥቡ የሚጻፈው ተማሪው ፈቅዶ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን እላለሁ። ከፍ ያለ ያመጣችው የቀጨኔ ልጅ ለአይልትስ የምትበደረው ብር ይቀርላታል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ገና በግቢው እያለ፣ የሚያሻሽልበት ጊዜ ሳለ ያውቀዋል።

ለዚህ አዲስ ፖሊሲ መጠበቅም አያስፈልግም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርሶች ይወስዳል። በሁለተኛው ኮርስ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ከማያውቀው መምህር ጋር አሥር ደቂቃ ቢነጋገር፣ ንግግሩ በስልክ ቢቀረጽ፣ ሌላ መምህር ደግሞ ስሙን ሳያይ ቢያርመው፣ የሚያስፈልገው ሁለት መምህራን፣ አንድ ባዶ ክፍልና የሴሚስተሩ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ናቸው።